ለቤት የሚሆን የመጠጥ ዲስፔንሰር ልገዛ ነው፣ ምኑን ልይ?

ሰላም_ለቤቱ | ሰኞ ማታ 2:10

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን ሰው አያጣም። በየሳምንቱ ዘመድ ወይ ጓደኛ ይሰበሰባል፤ አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ 20 እንሆናለን። እስካሁን መጠጡን በጃግ ነበር የማቀርበው። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስል ጨዋታው ጥሎኝ ይሄዳል። ባለ ቧንቧ ዲስፔንሰር ብገዛ ሁሉም ለራሱ ይቀዳል ብዬ አሰብኩ። ገዛሁም። 8 ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ፣ ክዳኑ እንጨት፣ ቧንቧው ብርማ። ዕቃው ያምራል፣ ልዋሽ አልችልም።

በገዛሁ ማግስት ለነገ ይድረስልኝ ብዬ ማታውኑ የሎሚ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ተኛሁ። ጠዋት ሳሎን ስገባ ነገሩን መጀመሪያ ያወቀው ካልሲዬ ነው። ጠብ ጠብ ሲል አድሮ ግማሹ ምንጣፉ ውስጥ ገብቷል። የሸጠልኝን ሰው ስጠይቀው «አጥብቀሽ እሰሪው» አለኝ። ባለቤቴ በፒንሳ አጠበቀው። ቀጭ! ከቧንቧው ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ።

አሁን ሌላ ልገዛ ነው። ጠርሙስ ይሻላል፣ ፕላስቲክ ወይስ ብረት? ስንት ሊትር ይበቃል? ባለቤቴ ደግሞ «ከገዛን አይቀር ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያወጣውን የኤሌክትሪኩን እንግዛ» ይላል። ግራ ገብቶኛል።


የጠርሙስ_ጠላት | ሰኞ ማታ 2:31

አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ ሦስት ፈጅቻለሁ። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ ብዬ ወደ ጃጌ ተመልሻለሁ።


ቁልፍ_13 | ሰኞ ማታ 3:05

እህቴ፣ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ነው የሚገዛው። ሊትሩን ያያል፣ ቅርጹን ያያል፣ ክዳኑን ያያል። ኋላ የሚያስለቅሰው ግን ቧንቧው ነው። እኔ እንጀራዬ የቧንቧ ስራ ስለሆነ ሰው ቤት ዲስፔንሰር ካየሁ ጎንበስ ብዬ ቀዳዳውን ነው የማየው። ይስቁብኛል።

ያንቺ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። ቧንቧው በቀዳዳው ይገባና ከውስጥ በዳዶ ይታሰራል። ከውጭም ከውስጥም ጠርሙሱን የሚነካው የጎማ ሮንዴላ ነው። ውሃውን የሚይዘው እሱ ጎማ ነው፣ ዳዶው የሚዞርበት የቧንቧው ጥርስ አይደለም። ብዙ ሰው ሲያንጠባጥብበት ጥርሱ ላይ ነጩን ቴፕ ይጠመጥማል። ውሃው የሚያመልጠው በጎማውና በጠርሙሱ መሃል ስለሆነ ቴፑ ብዙም አይፈይድም። በፒንሳ ሲጠብቅ ደግሞ ጎማው ይጨፈለቅና ወደ ጎን ይሸሻል። ከዚያ ጠንካራው ዳዶ በቀጥታ ጠርሙሱን ይጫነዋል። ጠርሙስ አይለመጥም። ይሰነጠቃል።

ሻጩ ፊት ቆመሽ ክዳኑን ክፈቺና ጣትሽን በቀዳዳው ዙሪያ አዙሪ። አንደኛ፣ ዙሪያው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጥሩ የተሰራ ጠርሙስ ሆዱ ክብ ቢሆንም ቀዳዳው ያለበት ቦታ ሆን ተብሎ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይወጣል። ጎማ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎባጣ ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ የቀዳዳው ጠርዝ የተሸራረፈ ከሆነ ተይው። ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያች ሽራፊ ነው። ሦስተኛ፣ ጎማውን ቆንጥጪው። ለስለስ ያለ ሲሊኮን ይሁን። ደረቅና ሽታ ያለው ጥቁር ጎማ ከሆነ ሽታው መጠጡ ውስጥ ይገባል።

አገጣጠሙ ደግሞ እንዲህ ነው። ጎማውን በውሃ አርጥቢው። ዳዶውን በእጅሽ ብቻ አጥብቂ። አልዞር ሲልሽ ቧንቧውን ከውጭ ይዘሽ ሩብ ዙር ጨምሪ፣ በቃ። ከዚያ መታጠቢያው ውስጥ አስቀምጠሽ ንጹህ ውሃ ሙዪበት፣ ከቧንቧው ስር ደረቅ ሶፍት አንጥፊ። ያድር። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ሳሎን መግባት ይችላል።


እማማ_ጓዳ | ሰኞ ማታ 3:22

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። ልጄ፣ አዲስ ዕቃ ሳይሞከር ሞልቶ መተኛት አለ እንዴ?


ሰላም_ለቤቱ | ሰኞ ማታ 3:40

እማማ፣ እውነትዎን ነው። ምን ልበል።

ቁልፍ_13፣ አሁን የተሰነጠቀውን አውጥቼ አየሁት። ቀዳዳው ዙሪያ ጎበጥ ያለ ነው። ጎማውን ሳስቀምጠው ላይና ታቹ ይነካል፣ ግራና ቀኙ ላይ ግን የእጅ ጥፍሬ ይገባል። በዚያ ነው ያደረው ማለት ነው! እንኳን በፒንሳ በምንም አይጠብቅም ነበር። ባለቤቴን ሳሳየው ዝም አለ።

ሌላ ነገር ደግሞ። ብርማው ቀለም አፉ ላይ ተልጦ ከስሩ ነጭ ፕላስቲክ ይታያል። ብረት መስሎኝ ነበር።


ቁልፍ_13 | ሰኞ ማታ 3:52

እሱ የተለመደ ነው። ፕላስቲክ ላይ ስስ የብረት ቀለም ተቀብቶ ነው የሚሸጠው። በማግኔት ልፈትሽ እንዳትዪ፣ ጥሩው ስቴንለስ ራሱ ብዙ ጊዜ ማግኔት አይስበውም። በእጅሽ መዝኚው። ብረት ከበድ ይላል፣ ስትነኪው ይቀዘቅዛል። ሲገዛ «304» ወይም «18/8» የሚል ካለው ጥሩ ነው፤ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። የነሐስ ቧንቧ ግን ለሎሚና ለጭማቂ አልወድም። ነሐስ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፣ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ያወጣዋል።

የጠርሙሱን ቧንቧ በሌላ ለመተካት ካሰብሽ የቀዳዳውን ስፋት ለኪ። ብዙዎቹ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፣ 12ም አለ። ሳይለካ የተገዛ ቧንቧ እኔ ቤት አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ።


ነገር_ቆጣሪ | ማክሰኞ ጠዋት 1:15

ሊትሩን እኔ ልቁጠርልሽ፣ ስሜ ይመሰክራል።

አንድ ብርጭቆ 250 ሚሊ ሊትር እንበል። 20 ሰው ሁለት ሁለት ቢጠጣ 10 ሊትር ነው። ታዲያ ባለ 10 ሊትር እንዳትገዢ። 10 ሊትር መጠጥ 10 ኪሎ ነው። ጠርሙሱ ራሱ ሦስት አራት ኪሎ ይመዝናል። ያንን ከጓዳ ተሸክመሽ ቀጭን የብረት መቆሚያ ላይ ስታስቀምጪ ልቤ ከዚህ ይመታል። ባለ 5 ሊትር ሁለት ግዢ። አንዱ ውሃ፣ አንዱ ጭማቂ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይሞላል። ቢሰበርም ግማሽ ኪሳራ ነው።

ማንም የማይነግርሽ ደግሞ አለ። ቧንቧው ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል? ከሱ በታች ያለው መጠጥ አይወጣም። ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠርሙስ ላይ ቀዳዳው 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ 940 ሚሊ ሊትር ገደማ ስሩ ይቀራል። አራት ብርጭቆ ማለት ነው። በየሳምንቱ ጠርሙሱን አጋድለሽ ስታፈሺው ታስታውሺኛለሽ።

ክዳኑንም እይው። አየር የማያስገባ ሆኖ ድፍን ካለ መጠጡ ሲወጣ በቦታው አየር አይገባም። መጀመሪያ ጥሩ ይወርዳል፣ ቆይቶ ግልግል ግልግል እያለ ይሰንፋል፣ በመጨረሻ ቀጥ ይላል። ሰው «ተበላሸ» ይላል። ክዳኑን ትንሽ ገለጥ ሲያደርጉት ይለቀዋል። ደግሞ ምንም ባይደፈንም ሲጎድል ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከቧንቧው በላይ የቀረው መጠጥ ከፍታ ወደ ሩብ ሲደርስ ፍጥነቱ በግማሽ ይሆናል። ይሄ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ለሻጩ አትክሰሺበት።


ሦስት_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 2:40

እኔ ፕላስቲክ ባይ ነኝ። ምክንያቱም ስሜ ነው።

የመጀመሪያው ልጄ የቧንቧውን እጀታ ይዞ ተንጠለጠለ። ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ተቀምጬ አልጽፍም ነበር። ዕቃው መሬት ወደቀ፣ ጁሱ ፈሰሰ፣ ልጁ ሳቀ።

ልጅ ያለበት ቤት ቧንቧው ባለ ሞላ ይሁን። ሲጫኑት የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ። የሚዞረውን ዓይነት ሁለተኛው ልጄ ከፍቶት ይሄዳል። ሦስተኛዋ ስሩ ትቀመጣለች።


የጠርሙስ_ጠላት | ማክሰኞ ጠዋት 2:58

ፕላስቲኩ ጤና ላይ አይነሳም ወይ? ስሩ ላይ ባለችው ሦስት ማዕዘን ውስጥ ሰባት ቁጥር ያለበት መርዝ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።


ነገር_ቆጣሪ | ማክሰኞ ጠዋት 3:30

ሰባት ቁጥር «ሌላ» ማለት ብቻ ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ያልተመደበ ፕላስቲክ ሁሉ እዚያ ይገባል። ሰው የሚፈራው ፖሊካርቦኔትን ነው፤ ሲሰራ ቢፒኤ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አግዶት፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ምግብ ከሚነካ ዕቃ በጠቅላላ እንዲወጣ ወስኗል፤ ለአምራቾች የሽግግር ጊዜ ሰጥቶ። ነገር ግን ትራይታን የሚባለውም ሰባት ቁጥር ነው፣ እሱ ቢፒኤ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፣ የፕላስቲኩን ስም ፈልጉ።

አክሪሊክ የሚባለው እንደ ጠርሙስ ጥርት ያለ ነው፣ ያምራል። ግን ሆደ ባሻ ነው። በሽቦ ካሹት ይጫጫራል፣ ሙቅ ውሃ ያጣምመዋል፣ በአልኮል ከወለወሉት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። እሱን የገዛ በለስላሳ ስፖንጅና ለብ ባለ ውሃ ይጠብ።


የጠርሙስ_ጠላት | ማክሰኞ ጠዋት 4:02

እንግዲህ የኔንም ስሙ፣ ስሜ ከየት እንደመጣ እንድታውቁ። ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው። ዲስፔንሰሩ ሌሊቱን መስኮት ስር አድሯል። የፈላ ሻይ በቀጥታ ገለበጥኩበት። ድምጽ እንኳን አላሰማም። እጀታውን ይዤ ላነሳው ስል ስሩ እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፣ ላይኛው እጄ ላይ። ሻዩ መሃል ላይ። ቆሜ አየሁት።


ነገር_ቆጣሪ | ማክሰኞ ጠዋት 4:20

ይቅርታ፣ ሳቅኩ። እጅህን አላቃጠለህም?

ተራው ጠርሙስ በአንዴ 40 ዲግሪ ገደማ የሙቀት ልዩነት ከገጠመው አደጋ ላይ ነው። የሞቀው ወገን ይለጠጣል፣ የቀዘቀዘው አይንቀሳቀስም፣ መሃል ላይ ይቀደዳል። ወፍራም ጠርሙስ ደግሞ ይብስበታል፤ ሰው ግን ወፍራሙን ጠንካራ ነው ብሎ ይመርጣል። ቦሮሲሊኬት የሚባለው ሲሞቅ የሚለጠጠው የተራውን ሲሶ ያህል ስለሆነ ይችላል። ሙቅ ለማቅረብ ያሰበ ግን የጠርሙስ ነገር ይተው። ድርብ ግድግዳ ያለው፣ ሙቀት የሚይዝ ስቴንለስ ይግዛ።


ሦስት_ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት 4:33

ስቴንለስ ውስጡ አይታይማ። ስንት እንደቀረ ለማወቅ በየደቂቃው ክዳን መክፈት ነው።


ቁልፍ_13 | ማክሰኞ ጠዋት 4:41

ጎኑ ላይ የመጠን ማሳያ ቱቦ ያለው አለ። ግን እሱም አንድ ተጨማሪ ጎማ ነው። ጎማ በበዛ ቁጥር ስራ ይበዛልኛል፣ እኔ አልቃወምም።


እማማ_ጓዳ | ማክሰኞ ቀን 7:10

ልጆቼ፣ ስለ አገዛዙ ተከራከራችሁ፣ ስለ አጠባው አንድ ሰው አልተነፈሰም።

እኔ አንድ ቀን ከቧንቧው የቀዳሁት ውሃ ሸተተኝ። ጠርሙሱ ንጹህ ነው፣ ያበራል። ውሃው ንጹህ ነው። ቧንቧውን ፈትቼ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ውስጡን ስጠርገው ንፍጥ የመሰለ ነገር ወጣ። ያንን ስንት ጊዜ ለእንግዳ አቅርቤዋለሁ! ከዚያ ወዲህ የማይፈታ ቧንቧ ቤቴ አይገባም። ስትገዢ ዳዶው ብቻ ሳይሆን እጀታው ራሱ የሚወልቅ መሆኑን ጠይቂ። ጭማቂ በያዘ ቁጥር ይፈታል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጭን ብሩሽ ይገባበታል፣ ይደርቃል። የጠርሙሱም አፍ ክንድሽን የሚያስገባ ይሁን። ጠባብ አፍ ያለው ስሩን ማን ያሽልሻል?

ወተት ያለበትን ነገር እዚያ ውስጥ ባታስገቢ እመርጣለሁ። ካስገባሽም ከፍሪጅ ወጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀት ባለበት ቀን አንድ ሰዓትም ይበቃዋል። የተከተፈ ፍራፍሬም እንደዚያው። ደግሞ ፍራፍሬውንና የናናውን ቅጠል እንዲሁ አትበትኚው። ቅጠሉ ሄዶ ቧንቧው አፍ ላይ ይለጠፍና እንግዳው እጀታውን ይዞ ይታገላል። ወንፊት ያለው ማስቀመጫ መሃሉ ላይ ያለው ዓይነት አለ፣ እሱን ፈልጊ።

ለስላሳውን ግን በጠርሙሱ እንደታሸገ አቅርቢው። ዲስፔንሰር ውስጥ ጋዙ ይወጣና ስኳር ውሃ ይሆናል።


ሰላም_ለቤቱ | ማክሰኞ ቀን 8:00

እማማ፣ እድሜዎን ያርዝመው። በረዶውስ? መሃሉ ላይ በረዶ የሚገባበት ቱቦ ያለው አይቻለሁ። ይረባል?


እማማ_ጓዳ | ማክሰኞ ቀን 8:25

ይረባል፣ ግን በትዕግስት ነው። ቱቦው ፕላስቲክ ስለሆነ ቅዝቃዜውን ቶሎ አይለቅም፤ ማማሰል አለብሽ። የኔ ዘዴ ሌላ ነው። ከዚያው ጭማቂ ቀንሼ ቀድሜ በረዶ አደርገዋለሁ። ሲቀልጥ ራሱ ጭማቂ ነው፣ አይቀጥንም።


ነገር_ቆጣሪ | ማክሰኞ ቀን 8:40

እማማ በቁጥርም ልክ ነዎት። 6 ሊትር ጭማቂ ላይ 1 ኪሎ የውሃ በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ ከሰባቱ ሊትር አንዱ ውሃ ሆነ ማለት ነው። ቅዝቃዜውም 15 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያወርደው። 25 ዲግሪ የነበረ ጭማቂ 10 ላይ ይቆማል፣ ያውም ከውጭ የሚገባውን ሙቀት ሳንቆጥር። መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ቢወጣ ይሻላል።


ባለ_ፒንሳው | ማክሰኞ ማታ 1:30

አዲስ አባል ነኝ። ፒንሳውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሁላችሁም የሷን ጥያቄ መለሳችሁ፣ የኔን ማንም አልነካውም። ኤሌክትሪኩስ? ሙቅም ቀዝቃዛም ያወጣል፣ አይፈስም፣ አይሰነጠቅም።


የጠርሙስ_ጠላት | ማክሰኞ ማታ 1:34

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከፒንሳህ ጋር ነው የመጣኸው?


ቀዝቃዛ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 2:20

እነዚህን ማሽኖች እጠግናለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልለፍልፍ።

ወንድሜ፣ የእንግዳ ጭማቂና የቤት ውሃ ሁለት ስራ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ውስጥ ከውሃ በቀር ምንም አይገባም። ውስጡ ትናንሽ ታንከርና ቱቦ ነው፣ ስኳር አንዴ ከገባበት አጥቦ የሚጨርሰው የለም። ከቀዝቃዛው ታንከር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሊትር ነው በአንዴ የሚገኘው። 20 ሰው ተሰልፎ ቢቀዳ የመጀመሪያዎቹ አስሩ ቀዝቃዛ ይጠጣሉ፣ የቀሩት ለብ ያለ። ስለዚህ የሷን ዕቃ አይተካም። ለቤት ውሃ ካልከኝ ግን እሺ፣ እንነጋገር።

ማቀዝቀዣው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰርና ጋዝ አለው። ውሃውን ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወዳለው ቅዝቃዜ ያደርሰዋል፣ እንግዳ ሲበዛም ቶሎ ይመለሳል። ሌላው ሻጮች «ኤሌክትሮኒክ» የሚሉት ነው። ዣን ፔልቲየ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1834 ያገኘው ነገር ነው፤ በሁለት የተለያዩ ማስተላለፊያዎች መገናኛ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንዱ ወገን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ቀላል ነው፣ ኮምፕሬሰር የለው፣ ግን ጉልበት የለውም። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ 15 አካባቢ ላይ ይደክመዋል። ማራገቢያውም ቀኑን ሙሉ እምም ይላል።

ካርቶኑን አትመን፣ ጀርባውን አዙረው። የተለጠፈችው ወረቀት ላይ «R134a» ወይም «R600a» የሚል የጋዝ ስም ከነግራሙ ካለ ኮምፕሬሰር አለው። የጋዝ ስም ከሌለ ኤሌክትሮኒክ ነው። አንስተህም ታውቀዋለህ፣ ኮምፕሬሰር ያለው ይከብዳል።

ትልቁ የውሃ ጠርሙስ 18.9 ሊትር ነው። ከነዕቃው 20 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ላይ የሚቀመጥበትን ከገዛህ በየጊዜው ያንን እስከ ደረትህ አንስተህ መገልበጥ አለብህ። ከታች የሚገባው ወገብህን ያድናል፣ ግን ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ አለው፣ ፓምፕ ደግሞ ይበላሻል። መብራት ሲጠፋም ከላይ ያለው ቀዝቃዛ ባይሆንም ይፈሳል፤ የታቹ ዝም ይላል።

እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ የተበላሹት በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰው ገዝቶ ያመጣዋል፣ ሶኬት ይሰካል፣ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ያበራል። ማሞቂያው ታንከር ገና ባዶ ነው። ደርቆ ይነዳል። ቅድም ውሃ ሙላ፣ ቀዩን፣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈት፣ ውሃ ደህና አድርጎ ሲወርድ ከዚያ ማብሪያውን ተጫን። መኪና ላይ ተኝቶ ከመጣም ቀጥ ብሎ ጥቂት ሰዓት ይቁም፣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ጀርባው ሙቀት ያወጣል።


ሦስት_ልጅ | ማክሰኞ ማታ 2:44

ቀዩ ቧንቧ ልጅ ያለበት ቤት?


ቀዝቃዛ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 2:58

መቆለፊያ የሌለው እንዳትገዢ። በሁለት እንቅስቃሴ የሚከፈተውን ፈልጊ፤ ጫን አድርገሽ ስትጎትቺው ብቻ የሚለቅ። 60 ዲግሪ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ያቃጥላል፣ ከዚህ የሚወጣው ደግሞ 85 እና 90 ነው። ለሕፃን ቆዳ ቅጽበት ነው።

ከፍታ ላይ የሚኖር ካለ አንድ ነገር ልጨምር። 2000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሞቂያው 95 ላይ እንዲቆም የተሰራ ከሆነ እዚያ አይደርስም፣ እንደተንተከተከ ይቀራል፣ እንፋሎት ይተፋል። ሙቀቱ የሚስተካከል ካገኛችሁ እሱን ያዙ።


ነገር_ቆጣሪ | ማክሰኞ ማታ 3:10

የኤሌክትሪኩን ፍጆታ ልቁጠር? አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ 0.08 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ባለ 500 ዋት ማሞቂያ 10 ደቂቃ። ይሄ ትንሽ ነው። የሚበላው የሚያድረው ነው። ማንም ሳይቀዳ ሲቀዘቅዝ ያሞቀዋል፣ ሲቀዘቅዝ ያሞቀዋል። የሙቁን ማብሪያ ማታ አጥፉት፣ ጠዋት በ10 ደቂቃ ይመለሳል።


እማማ_ጓዳ | ማክሰኞ ማታ 3:15

እሱስ አይታጠብም?


ቀዝቃዛ_እጅ | ማክሰኞ ማታ 3:31

ይታጠባል እማማ፣ ግን እንደርስዎ የሚጠይቅ የለም። ጠርሙሱ የሚቀመጥበት ጉድጓድ በተቀየረ ቁጥር ይወልወል። በየሁለት ሦስት ወሩ ከሶኬት ነቅለው፣ ሙቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ከጀርባው ያለውን ማስወጫ ከፍተው ያፈሱታል። ለነጩ ክምችት ሲትሪክ አሲድ ወይም ኮምጣጤ በውሃ አቅጥነው ሞልተው ያቆዩታል፣ ደጋግመው ያለቀልቁታል። ኮምጣጤና በረኪና ግን አንድ ላይ እንዳይገናኙ! መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ደንበኛዬ «በደንብ ይጽዳ» ብሎ ሁለቱንም አደባልቆ እየሳለ ደውሎልኛል።


ባለ_ፒንሳው | ማክሰኞ ማታ 3:50

ገባኝ። ኤሌክትሪኩ ይቆይ። መጀመሪያ የሷ ይገዛ፣ ምንጣፉም ይድረቅ።


ሰላም_ለቤቱ | ቅዳሜ ጠዋት 1:20

ተመልሻለሁ። ሐሙስ ወጥተን ነበር። ሻጩ ስለ ክዳኑ ሲያወራ እኔ ጎንበስ ብዬ ጣቴን ቀዳዳው ዙሪያ አዞርኩ። ሦስቱን ትቼ አራተኛው ጠፍጣፋ ሆነልኝ። ሰውየው «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

ባለ 5 ሊትር ሁለት ገዛሁ። ተራ ጠርሙስ ነው፣ አፉ ክንዴን ያስገባል፣ ቧንቧው ስቴንለስ ሆኖ እጀታው ይወልቃል። ባለ ሞላ አላገኘሁም፣ የሚዞር ነው። ቀዳዳው ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ በማስመሪያ ለክቻለሁ ነገር_ቆጣሪ። መቆሚያውን አልገዛሁትም፤ ወፍራም የእንጨት መክተፊያ ስሩ አድርጌ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስጠጋሁት፣ ብርጭቆው ከጠረጴዛው ጎን ዝቅ ብሎ ይያዛል።

ትናንት ማታ ሁለቱንም ሞልቼ መታጠቢያው ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት የአንዱ ሶፍት ደረቅ ነው። የሌላው ጫፉ ላይ የሳንቲም ያህል ረጥቧል።


ቁልፍ_13 | ቅዳሜ ጠዋት 1:45

የሳንቲም ያህል ከሆነ ጎማው ተጣሞ ተቀምጦ ነው። ፍቺው፣ አርጥቢው፣ መሃሉ ላይ አስተካክለሽ እንደገና በእጅሽ እሰሪ። በእጅሽ አልኩ።


ሰላም_ለቤቱ | ቅዳሜ ጠዋት 3:30

ልክ ነህ፣ ጎማው አንድ ወገን ጥርሱ ላይ ወጥቶ ነበር። አስተካከልኩት። ሁለት ሰዓት ሊሆነው ነው፣ አዲሱ ሶፍት ደረቅ ነው። ዛሬ 14 ሰው ይመጣል።

ባለቤቴ «ላጥብቀው?» ብሎ ፒንሳውን ሲፈልግ ነበር። ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ነው ያለው። እንዳትነግሩት።


ባለ_ፒንሳው | ቅዳሜ ጠዋት 3:34

እኔም እዚህ አባል መሆኔን ረሳሽው?